ጨው በልኩ

ጥቅምት 28

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮዋ፤

ብርዱ ከደጅሽ ይመለስ፣ ጤና ግን ሰተት ብሎ ይግባልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያልኩት ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው። እውነቱን ከፈለግሽ ደህና የሆነው ከወገቤ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ እግሬስ የሰው እግር መሆኑ ቀርቷል፣ ቀኑን ሙሉ በረዶ ነው። ለምን አይደውልም እንዳትይ። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፤ እርስዎስ?» ስንባባል መስመሩ ይቋረጣል። ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም።

ባለቤቴ፣ እትዬሽ፣ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ብርድ ገባ። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ መስኮቱም ያው መስኮት ነው፤ ግን አምና ይህ ሁሉ ንፋስ በየት በኩል ይገባ እንደነበር እንጃ። ምናልባት ያኔም ይገባ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩት።

ጉዳዬን ልንገርሽ። ልጄን፣ ነርሷን፣ ታውቂያታለሽ፤ አንድ ነገር ከያዘች ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለቅም ባይ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ የያዘችው እኔን ነው። «አባዬ፣ ቤቱን ዝጋና እኔ ጋ ና» ትለኛለች። እሷ ያለችበት ከተማ ሞቃት ነው፤ ከሁለቱ ክፍሎቿ አንዱን ለእኔ አዘጋጅታለች። እኔ ደግሞ በዚህ ቤት አግብቼ፣ ወልጄ፣ ሰፍቼ ኖሬ የት ነው የምሄደው? ተጨቃጨቅን፣ ተኳረፍን፣ መጨረሻ ላይ ተስማማን። ይህን ብርድ ብቻዬን ከተወጣሁት፣ እየበላሁ፣ ደህና ሆኜ ካገኘችኝ፣ ሁለተኛ የመሄድ ነገር አታነሳብኝም። ካቃተኝ ግን ሻንጣዬን ይዤ ያለ ክርክር እከተላታለሁ። የካቲት ላይ መጥታ ታየኛለች።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ እንቁላል መቀቀል እንኳ አላውቅም። ሳቂ፣ ሳቂ። ከልጅነቴ ጀምሮ መርፌ እንጂ ማማሰያ ይዤ አላውቅም። ምግብ ማለት ከጓዳ የሚመጣ ነገር ነበር። ካረፈች ወዲህ ያለሁት በዳቦና በሻይ ነው፤ ሱሪዬን ሁለቴ አጠበብኩት። ነርሷ በዚህ አኳኋኔ ካየችኝ ሳልቀመጥ ነው የምታስነሳኝ።

አንቺ ደግሞ የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ወጥ ቤት ነሽ። እኔም አዛውንት ነኝ። እዚያ ላሉት የምትሠሪላቸውን ለእኔም ጻፊልኝ። ሾርባ ይሁን፣ የሚያሞቅ ይሁን፣ ሞኝ የሚገባው ይሁን። ለነርሷ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ።

አጎትሽ፣ ልብስ ሰፊው


ኅዳር 14

ለተከበሩ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ ጣትዎ ሳይደነዝዝ፣ ዓይንዎ ሳይፈዝ፣ ቀልድዎም ሳያልቅ ይድረስዎ።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለመሳቅ፣ አንዴ ሱሪዎን ስላጠበቡት ለመናደድ። በሉ ጆሮ ይስጡኝ።

አንድ ትልቅ ሽንኩርት ይላጡና ይክተፉ። ዓይን ያስለቅሳል፤ አይደንግጡ፣ ማንም አይፈርድብዎትም። ድስቱን ይጣዱ፣ ዘይት ጠብ ያድርጉበትና ሽንኩርቱን ያቁላሉት። ማቁላላት ማለት እሳቱን ቀንሶ፣ እያማሰሉ፣ ሽንኩርቱ ወርቅ እስኪመስል መታገስ ነው። ከዚያ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ከዚያ አንድ የሻይ ብርጭቆ የታጠበ ምስር፣ የተላጠ ድንችና ካሮት ተቆራርጦ። ሁሉንም እስኪሸፍነው፣ ከዚያም አራት ጣት ከፍ እስኪል ውሃ። ጨው በልኩ። ክዳኑን ገርበብ ያድርጉትና ድንቹ በማንኪያ ሲነኩት እስኪፈርስ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ይኸው ነው። ለሦስት ቀን ይበቃዎታል፤ እያሞቁ ይብሉ።

ለእግርዎ ደግሞ እዚህ የምናደርገውን ልንገርዎ። ጠበቅ ባለ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ይስፉ። ስንዴ በደረቅ ድስት ያሙቁና ከረጢቱ ውስጥ ገልብጠው አፉን ይቋጥሩ። ብርድ ልብስዎ ውስጥ እግርዎ ሥር ያድርጉት። ስንዴ ሙቀት ይይዛል፣ ቶሎ አይለቅም። የእኔ አዛውንቶች ከዳቦው ይልቅ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።

የእኛ ወጥ ቤት ያለው ምድር ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ እውላለሁ፤ ስወጣ ጸጉሬ እርጥብ ስለሆነ ደጅ ላይ ይደርቅና እንደ መጥረጊያ ይቆማል። አዛውንቶቹ ያሉት ፎቅ ላይ ነው። ክፍላቸው ሞቃት ነው፣ ሾርባው በሰዓቱ ይደርሳቸዋል፣ አልጋቸው በየቀኑ ይነጠፋል። ብቻ ብዙዎቹ ማንኪያውን እንደያዙ መስኮት መስኮቱን ነው የሚያዩት።

ነርሷ ጽፋልኝ ነበር። ሰላም ብላለች።

የእህትዎ ልጅ፣ ጭራሮ (ጭራሮ ነበርኩ፤ ወጥ ቤት ገብቶ ማን ጭራሮ ሆኖ ይቀራል? አሁን ግንድ ነኝ)


ታኅሣሥ 2

ለተከበርሽው ወጥ ቤት፤

ድስትሽ አይረር፣ ምድጃሽ አይጥፋ፣ አለቃሽንም እግዜር ያለዝብልሽ።

ጽሑፍሽ ደረሰኝ። ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ አለቀስኩ። ወርቅ እስኪመስል ብለሽ የለ? የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ ከድስቱ አጠገብ አስቀመጥኩና አመሳሰልኩት። ቀለም ማመሳሰል ሥራዬ ነው፤ ክር ከጨርቅ ጋር ሳመሳስል ነው የኖርኩት። እዚህ ድረስ አንደኛ ነበርኩ።

ከዚያ ምን ትያለሽ? «ጨው በልኩ»። የማን ልክ? አይ አንቺ! ዕድሜ ልኬን የሰው ልክ ስወስድ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። አንዱ መጥቶ «ሱሪ በልኩ ስፋልኝ» ብሎ ውልቅ ቢል ምን ልሰፋለት ነው? ወገቡን ለክቼ፣ ዳሌውን ለክቼ፣ ቁመቱን ይዤ ነው እንጂ መቀስ የማነሳው። ውሃውን በጣት ለክተሽ፣ ምስሩን በብርጭቆ ለክተሽ፣ ዋናው ላይ ስትደርሺ እንደ ጠንቋይ ትናገሪያለሽ። ልኩን ስላልነገርሽኝ በራሴ ልክ ለካሁት። እፍኜን ሞልቼ ጨመርኩ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ቧንቧ ሠራተኛው የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ሊጠግንልኝ መጣ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ሁልጊዜ እጁ ላይ የብረት ሽታ አለ። ቅመስ አልኩት። አንድ ማንኪያ አፉ ከተተና ዓይኑ ፈጠጠ። ሮጦ ያንኑ ሲጠግነው የነበረውን ቧንቧ ከፍቶ አፉን ደቀነበት።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«እርስዎ... በልተውታል?»

«ትናንት ሁለት ሳህን፣ ዛሬ ጠዋት አንድ።»

ማንኪያውን አስቀምጦ ድስቱን ከፊቴ አነሳው። ያኔ ነው ለእኔም የገባኝ፤ ጨው መብዛቱን ጭራሽ አላወቅኩትም።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እትዬሽ ካረፈች ወዲህ ምላሴ አይሠራም። ጨውም፣ ስኳርም፣ ዳቦም አፌ ውስጥ አንድ ናቸው። የምበላው ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። ስለዚህ «እየቀመሱ ያስተካክሉ» እንዳትይኝ፤ የሚቀምስ የለም። ልኩን ጻፊልኝ፣ እንደ ጻፍሽው አደርጋለሁ። ነርሷ መጥታ እንዲህ ያለ ሾርባ ከቀመሰች አለቀልኝ።

የስንዴ ከረጢቱን ሰፋሁት። ያንቺ አሠራር ግን የጀማሪ ነው፤ አንድ ወጥ ከረጢት ከሆነ ስንዴው አንድ ጥግ ይከማቻል። እኔ መሐል መሐሉን ሰፍቼ ክፍል ክፍል አወጣሁለት። አሁን እግሬ የሰው እግር ሆኗል። ከበሩ ሥር ለሚገባው ንፋስ ደግሞ የአሮጌ ሱሪ እግር ውስጥ አሸዋ ሞልቼ ሰፋሁና አጋደምኩት። ትንሽ ያምራል ብዬ ዓይን እንዲሆኑት ሁለት አዝራር ተከልኩበት። ቧንቧ ሠራተኛው ሲገባ አይቶት ወንበር ላይ ወጣ።

ነርሷ ጽፋልኛለች ብለሻል። ምን ብላ? ሰላም ለማለት ብቻ ወረቀት የምታነሳ ልጅ አይደለችም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 19

ለተወደዱ አጎቴ፤

ፈጣሪ የጎደለዎትን ይሙላልዎት፤ የቀረዎትንም ያቆይልዎት።

ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ቧንቧው ሥር አፉን መደቀኑ ላይ ስደርስ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ። ስለ ምላስዎ ያሉት ላይ ስደርስ ደግሞ አለቃዬ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ሽንኩርት ነው አልኳት። በእጄ የያዝኩት ጎመን ነበር።

ስለ ልኩ አሰብኩበት። እውነትዎን ነው፣ እኔም ልኩን አላውቀውም። በማንኪያ ልለካና ልጽፍልዎ ሞክሬ ነበር፤ ግን ድንቹ በተለወጠ ቁጥር፣ ውሃው ባነሰና በበዛ ቁጥር ልኩም ይለወጣል። እጄ ያውቀዋል፣ እኔ ግን አላውቀውም። ከዚያ የእርስዎ ነገር ትዝ አለኝ። እርስዎ ልክ የሚወስዱት ከወረቀት ላይ አይደለም እኮ፤ ሰውየውን አቁመው፣ ሜትሩን በሰውየው ላይ አድርገው ነው። ሾርባውንም ሰው ላይ ይለኩት! ቧንቧ ሠራተኛው ብቻውን ነው የሚኖረው አላሉኝም? ጨዉን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ለእሱ ያቅምሱት። በቃ ሲልዎት ያቁሙ። ደመወዙ አንድ ሳህን ሾርባ ነው። ከብረት ሽታ ጋር የሚኖር ሰው እምቢ አይልም።

ጉሮሮዎን ብርድ ከመታው፣ ዝንጅብል ቀጥቅጠው በውሃ ይቀቅሉ፣ አውርደው ትንሽ ሲበርድ ማር ይጨምሩበት። እሳት ላይ እያለ አይጨምሩ።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው፣ ልለምንዎት። አልጋዬ ያለው መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ቢዘጋም ተዘግቷል አይባልም። ከሱቅ የገዛሁት ብርድ ልብስ ላባ ነው፣ ክብደት የለውም፤ ለብሼ ያልለበስኩ ይመስለኛል። ከዓመታት የጨርቅ ቁርጥራጭዎ ድሪቶ ይስፉልኝ፣ ጥጡን አይቆጥቡ። ከበድ ይበል። ሰው የተኛበት እንዲመስለኝ።

የነርሷን ጠይቀውኛል። ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባታል። ሌላውን ሌላ ጊዜ እንጨዋወታለን።

ጭራሮ


ጥር 11

ለእህቴ ልጅ፤

እንደ ሾርባሽ ሙቂ፣ እንደ ልቤ ሁኚልኝ።

ዘገየሁብሽ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሥራ በዛብኝ ስል እኔንም ይገርመኛል።

ቧንቧ ሠራተኛው ቀማሽ ሆኖ ተሾሟል። እኩለ ቀን ላይ መሣሪያውን በር ላይ ጥሎ ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ እንደ ዳኛ ይቀመጣል። እኔ ጨው በቁንጥጫ እጨምራለሁ፤ እሱ ይቀምስና ዓይኑን ይጨፍናል። «አልደረሰም።» እጨምራለሁ። «ዳር ደርሷል።» እጨምራለሁ። «ቁም ጋሼ!» ይላል፣ መኪና እንደሚያስቆም። ከዚያ አብረን እንበላለን። የሚያወራው ስለ ቱቦ ብቻ ነው፤ የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ በቱቦው ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ በወገቡ። አንዱን ሰው ከላይና ከታች ስናማው እንውላለን።

ድሪቶሽ እያለቀ ነው። የትምህርት ቤት ልብስ አለበት፣ የሾፌር ካኪ አለበት፣ ሙሽራይቱ ያልወሰደችው ሰማያዊ ሐር አለበት። ጥጡን እንደ ስስታም አላደረግኩትም። ስትለብሺው እንዳይጨፈልቅሽ ብቻ።

ሌላ ወሬ የለም። አዲስ ድስት ገዛሁ፤ የበፊቱ አርጅቶ ነበር። የበሩንም ቁልፍ አስቀየርኩት፣ ያስቸግር ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ግድግዳውን ኖራ ልቀባው አስቤአለሁ፤ ቤት ሲያምር ሰውም ደስ ይለዋል። ነርሷ ስትመጣ ትገረማለች።

እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

አጎትሽ


ጥር 26

አጎቴ፤

ዛሬ ምርቃቴ አጭር ነው። ፈጣሪ ይጠብቅዎት፤ እርስዎም ራስዎን ይጠብቁ።

አዲስ ድስት፣ አዲስ ቁልፍ፣ ኖራ። በጥር ብርድ በርና መስኮት ከፍቶ ግድግዳ የሚቀባ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ ጨርቅ በእጅዎ ዳሰው ከምን እንደ ተሠራ እንደሚያውቁት እኔም ወጥ ቤት ነኝ፤ የጭስን ነገር አልስትም። ድስት ጥደው እንቅልፍ ወሰደዎት። ቤቱ ጭስ ሞላ። በሩን የሰበረው ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ተሳስተሻል ይበሉኝና እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ።

እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ልንገርዎ። ነርሷ ኅዳር ላይ የጻፈችልኝ ሰላም ለማለት አልነበረም። «አባዬ አንቺን ይሰማሻል፤ እኔ ጋ እንዲመጣ ምከሪልኝ» ብላ ነው። አልመከርኩዎትም። እዚህ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ለደህንነታቸው ተብለው ነው ቤታቸውን የለቀቁት፤ እኔ በየቀኑ ሳህናቸውን ስሰበስብ የማየውን ስለማውቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን በሩ ሳይሰበር ቢቀር ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ደግም ይሁን ክፉ፣ ሾርባውን ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ።

ይሂዱ አልልም፣ ይቅሩም አልልም። ነርሷ ስትመጣ ግን ከራስዎ አፍ ትስማው። ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ። ቢጠሉኝም ይጥሉኝ።

ጭራሮ


የካቲት 13

ለአጎቴ፤

የተቆጣን ልብ የሚያበርድ አምላክ ልብዎን ያብርደው።

መልስ አልመጣም። ድሪቶው ግን ትናንት ደረሰ። ጥቅሉን ከፍቼ ደብዳቤ ፈለግኩ፤ አልነበረም። እጥፋቱን ሁሉ አራገፍኩ፣ ሽፋኑን ገለበጥኩ፣ ምንም። ከዚያ ስፌቱን አየሁ። ከዳር እስከ ዳር ድርብ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ተሄዶበታል። እንዲህ የሚሰፋው የተናደደ ሰው ነው። ቢሆንም ጥጡን አልቀነሱብኝም።

ለበስኩት። ከበደኝ። ሌሊቱን ብርዱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ቀረ። ዛሬ ጠዋት ሥራ አረፈድኩ።

መልስ ባይጽፉልኝም ግድ የለም። መኖርዎን ብቻ በሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

ጭራሮ


የካቲት 30

ለእህቴ ልጅ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ምላስሽ ደግሞ ትንሽ ይጠር።

አለሁ። ይኸው ሁለቱ መስመር ይበቃ ነበር፤ ግን ብዙ የምነግርሽ አለ።

አዎ፣ ተቆጥቼብሽ ነበር። «አንቺም?» አልኩ፣ ሰው ስለሌለ ለግድግዳው። ድሪቶውንም የጨረስኩት በንዴት ነው፤ መቼም ከእጄ የወጣውን ስፌት አይተሽ ምን ልደብቅሽ። ነገሩ እንዳልሽው ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሾርባውን ጥጄ፣ የስንዴ ከረጢቱን እግሬ ሥር አድርጌ አረፍ አልኩ፤ ሙቀቱ ሲጥመኝ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ቧንቧ ሠራተኛው በብብቴ ይዞ ደጅ አስቀምጦኝ፣ ሲሳደብና ሲያለቅስ ነበር። እሱም ለነርሷ እንዳይነግር አስምዬው ነው።

ነርሷ መጣች። እኩለ ቀን ነበር። ሾርባውን ሠርቼ፣ ጨዉን አስቀምሼ፣ ቀማሼ «እጅዎን ይባርከው» ብሎ በጓሮ በር ወጥቶልኝ ነበር። ሳሎን ተቀመጠች፣ በላች። ጨመርኩላት፣ በላች። «እውነት አንተ ነህ የሠራኸው?» አለች። በል እንግዲህ ረታህ አልኩ በልቤ። እዚያው ላይ ዝም ብል ኖሮ ማንም የሚያነሳኝ አልነበረም። ያንቺ ነገር ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ ዳቦ ብበላበትም አልወርድ አለ።

«ድስት አሳርሬ በሩ ተሰብሮ ነው የወጣሁት» አልኳት።

ቁጣዋን ጠበቅኩ። «አባዬ፣ ስገባ ሸቶኛል እኮ» አለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

«እንግዲያው ተረትቻለሁ። ሻንጣዬን ላምጣ?»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አጋደመች። እስቲ መጀመሪያ ከጓዳ ውሃ አምጪልኝ አልኳት። አልተነሳችም። ደገምኩላት። «እዚያ አልገባም» አለች፣ ሳህኑን እያየች። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስንቴ መጥታለች፤ አንድም ቀን ከሳሎን አልፋ አታውቅም። የምትጠጣውን ውሃ እንኳ በጠርሙስ ይዛ ነው የምትመጣው። እኔ የነርስ ንጽሕና ነው ብዬ አሾፍባት ነበር።

«ሳሎን ስቀመጥ እማዬ ጓዳ ያለች ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። «ገብቼ ካጣኋት ግን፣ አባዬ፣ ያኔ ነው የምትሞተው።»

ይህን ብላ ተንሰቀሰቀች። ስንት በሽተኛ የምታነሳ የምትጥል ልጅ፣ እንደ ሕፃን። «አንተን ና የምልህ አይችልም ብዬ አይደለም፣ ትችላለህ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጨለማ ነው» አለችኝ።

ጭራሮ፣ አፈርኩ። ብርዱን ሙሉ ስለ እኔ መቻልና አለመቻል ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ነርስ ምን ትሆናለች ብዬ። የራሴን ሐዘን ብቻ ታቅፌ ተቀምጬ፣ እናት የሞተባት እሷም እንደሆነች ረስቼው ነበር።

እጇን ያዝኩ፣ ጓዳ ይዣት ገባሁ። በሩ ላይ ቆመች፣ አየች፣ እንደገና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ያን ጊዜ እንኳ በእጄ ሽንኩርት አልነበረም። ከዚያ ሳህኖቹን አጠብን። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። የአንዱን ሳህን የተሸረፈ ጠርዝ አይታ «ይሄን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እማዬ ግን አንተ ሰበርክ ብላ ነበር የምትቆጣህ» አለችና ሳቀች።

በማግስቱ ሻንጣዬን አወጣሁ። «ተው አባዬ፣ ረትተሃል» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ቤቱን አልሸጥኩትም። ቁልፉን ለቧንቧ ሠራተኛው ሰጠሁት፤ ሾርባውን ራሱ እየሠራ ራሱ እንዲቀምስ። እኔ የስፌት መኪናዬንና መቀሴን ይዤ መጣሁ። እዚህ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ሰዉ በየካቲት ላቡን ይጠርጋል። እኔ ሾርባ ስጥድ ጎረቤቶቹ «እኚህ ሽማግሌ ምን ነካቸው?» ይላሉ። አድራሻውን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ፤ ብርድ የማይፈልግ ምግብ ካወቅሽ ጻፊልኝ።

ነርሷ ጠዋት ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ሲመሽ መብራት አብርቼ መቀመጥ ነው ሥራዬ። አሁን ደረጃው ላይ ኮቴዋ ተሰማ። ይኸው አንኳኳች። የበሩ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ግን አውጥታው አታውቅም፤ ታንኳኳለች። በይ፣ ልክፈትላት።

አጎትሽ